እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ

«ንጉሡ ሠ… ነጠላ ሰረዝ… እሳቱ ሰ… አራት ነጥብ።»

ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ድምፁ ግን ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ ነው። በ1986 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ስቀጠር የተሰጠኝ ሥራ ተቀምጦ መከተል ነበር። አዛውንቱ አራሚ የደራሲውን ረቂቅ ይዘው ጮክ ብለው ያነባሉ። እኔ ደግሞ ለእርማት የታተመውን ገጽ፣ ፕሩፉን፣ ከፊቴ ዘርግቼ በእርሳስ ጫፍ ቃሉን አንድ በአንድ እየነካሁ እከተላለሁ። ስማቸውን የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ እስከ ጥረዛ ክፍል ሠራተኞች ድረስ ሁሉም «ጋሼ» ነበር የሚላቸው።

ጋሼ ሲያነቡ ቃሉን ብቻ አልነበረም የሚያነቡት። ነጥቡን፣ ሰረዙን፣ የአንቀጹን መነሻ፣ ቅንፉ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ሁሉ በድምፅ ይናገራሉ። ቁጥር ሲመጣ «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ» ብለው አያውቁም፤ «አንድ፣ ዘጠኝ፣ ዜሮ፣ ዜሮ» ነበር የሚሉት። ድምፃቸው የሚመሳሰል ፊደላት ላይ ሲደርሱ ደግሞ በልጅነታቸው በቄስ ትምህርት ቤት በተማሩት መጠሪያ ይጠሯቸዋል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። በዚህ አነባበብ አንድ ገጽ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ይፈጅብን ነበር። ልጅ ነበርኩና ቸኮልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ሁለቱን ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ብቻዬን በዐይኔ ባመሳክር እንደሚፈጥን ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ዐይን ቸር ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «የጎደለውን ከራሱ ኪስ አውጥቶ ይሞላል። ጆሮ ግን የሰጡትን ብቻ ነው የሚቀበል።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን አይቼ «ንጹሕ ነው» ያልኩትን አንድ ገጽ ወስደው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ። አንድ ሙሉ መስመር ተዘሏል። ሁለት መስመሮች በአንድ ዐይነት ቃል ያልቁ ስለነበር የፊደል ለቃሚው ዐይን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ዘልሏል፤ የእኔም ዐይን እሱን ተከትሎ ዘልሏል። ሁለታችንም በአንድ ጉድጓድ ወደቅን። ጋሼ ምንም አልተናገሩም፤ የተዘለለውን መስመር በቀይ እስክሪብቶ ኅዳጉ ላይ ጻፉና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ።

ሌላም ብልሃት ነበራቸው። ገጹ ታርሞ ሲመለስ አዲሱን ፕሩፍ በአሮጌው ላይ ደርበው የመስኮቱ መስታወት ላይ ይለጥፉታል። ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ያልተነኩት መስመሮች አንዱ ባንዱ ላይ ገጥመው ጥቁር ብለው ይታያሉ፤ የተነካው መስመር ግን ይዝረከረካል። ክረምት ሆኖ ብርሃን ሲያንስ ደግሞ ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አነባብረው የላይኛውን ጫፍ ይይዙና ቶሎ ቶሎ ገለጥ ከደን ያደርጉታል። የተለወጠችው ፊደል ብልጭ ድርግም ትላለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ክላይድ ቶምባው የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930 ፕሉቶን ያገኘው በዚሁ መንገድ መሆኑን አነበብኩ፤ በተለያየ ሌሊት የተነሡ ሁለት የሰማይ ፎቶግራፎችን እያፈራረቀ ሲመለከት ከዋክብቱ ሁሉ ባሉበት ቆመው አንዲት ነጥብ ብቻ ቦታ ቀየረች። መጽሐፉን አጥፌ ያሰብኩት ስለ ሰማይ አልነበረም። ያሰብኩት ስለ ጋሼ ጣቶች ነበር።

«መጀመሪያ ያልተለወጠውን ፈልጊ» ይሉኝ ነበር። ግር ይለኝ ነበር፤ የምንፈልገው የተለወጠውን አይደለም እንዴ? ሁለት ረቂቆች ይዘን ስንቀመጥ ግን እሳቸው በእርሳስ የሚያሰምሩት አንድ ዐይነት የሆነውን ነበር። አንቀጽ ከአንቀጽ፣ ዐረፍተ ነገር ከዐረፍተ ነገር እያጋጠሙ ያሰምራሉ። ሲጨርሱ ሳይሰመርበት የቀረው ለውጡ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ቀዩን እስክሪብቶ ያነሣሉ።

የታረመ መስመር ብቻ አይቶ ማለፍንም አይወዱም ነበር። «አምስት ቦታ ታርሟል» ተብሎ የመጣን ገጽ አምስቱን ቦታ አይተው አይፈርሙም። ለቃሚው አንዷን ፊደል ሲያስተካክል ጎረቤቷን ነክቶ ይሆናል፤ መስመሩ ሲገፋ የታችኛው ቃል ተቆርጦ ይሆናል። ሙሉ ገጹ እንደገና ይነበባል። ይህን ነገር አጥብቄ የማነሣው በኋላ የደረሰብኝ ከዚሁ የመጣ ስለሆነ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ውስጤ የቀረው አንድ የኅዳግ ምልክታቸው ነው። ጋሼ ወደ ማተሚያ ቤት ከመምጣታቸው በፊት በአብነት ትምህርት ቤት ዜማና ቅኔ ተምረዋል፤ ከትርጓሜ ጉባኤም ጥቂት ዓመት ተቀምጠዋል። በአንድምታው ትርጓሜ መምህራኑ አንድ ቃል በሌላ ቅጂ በሌላ ንባብ ሲገኝ አይሰርዙትም፣ አይደብቁትምም፤ ንባቡን ይጠቅሱና «ይላል አብነት» ይሉበታል። ይህንን ቃል ጋሼ ወደ ማተሚያ ቤት ይዘውት መጡ። የደራሲው የእጅ ጽሑፍ አንድ ሲል፣ በታይፕ የተመታው ቅጂ ሌላ ሲል፣ ደራሲውም በአቅራቢያ ሳይኖር ሲቀር፣ ኅዳጉ ላይ ሁለተኛውን ንባብ ጽፈው ከሥሩ «ይላል አብነት» ብለው ወደ አዘጋጁ ይመልሱታል።

«ለምን አይወስኑትም? የትኛው እንደሚሻል እኮ ግልጽ ነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«መወሰን የባለቤቱ ነው። ሁለት መሆኑን መናገር የኛ ነው። ሁለት መሆኑን ካልነገርሽው ምን ይወስናል?»

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የቆየ የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝ ነበረን። የምሳ ሰዓት ላይ አንዳንዴ እናወጣዋለን። በግራ ዐምድ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጋሼ ለይተው ይወዱት ነበር፤ እንደ መማሪያ። 3,367 አንቀጾች ያሉት ይህ ሕግ የተረቀቀው ሬኔ ዳቪድ በተባሉ ፈረንሳዊ ሊቅ በፈረንሳይኛ ነው፤ ከዚያ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። የሕግ ሰዎች ሁለቱ ዐምዶች አንድ ሳይሉ ሲቀሩ እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ፈረንሳይኛው ረቂቅ ሄደው ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይጠይቃሉ። ጋሼ እንግሊዝኛው ብዙም አልነበራቸውም፤ እኔ እንግሊዝኛውን እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው በአማርኛው ዐምድ ይከተላሉ። ልዩነት ስናገኝ ደስታቸው የልጅ ነበር። ስለ ውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ በየትምህርት ቤቱ ተምረነዋል፤ የትርጉም ልዩነት አገር እንደሚያዋጋ ለማወቅ ከዚያ በላይ ምስክር አያሻም። እኔን ግን ልቤን የሚነካኝ ማንም የማያነሣው ትንሹ ልዩነት ነው፤ የአንድ ኪራይ ውል፣ የአንዲት መበለት ውርስ የሚያርፍበት አንዱ ቃል።

በ1987 ዓ.ም. የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአዋጅ ቁጥር 3 ሲቋቋም ሁለቱ ቅጂዎች ከተለያዩ አማርኛው የበላይ እንደሚሆን በግልጽ ተጻፈ። ጋሼ ያንን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። «አየሽ፣ ከመጣላታቸው በፊት ዳኛ ተሾመላቸው» አሉ።

ማተሚያ ቤቱን ለቅቄ የወጣሁት በ1997 ዓ.ም. ነው። የሕክምና መሣሪያ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት የእንግሊዝኛ የአጠቃቀም መመሪያዎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ፈለገ፤ ደመወዙ የተሻለ ነበርና ሄድኩ። ጋሼ ስሰናበታቸው አንድ ያልተጀመረ ቀይ እስክሪብቶ ሰጡኝ። ቢሮው ሥራ የበዛበት ነበር፤ የደም ግፊት መለኪያ፣ ማይክሮስኮፕ፣ የሕፃናት ሚዛን፣ ለእያንዳንዱ አንድ መመሪያ። አብሮኝ የሚያነብ ሰው አልነበረም። ቀስ በቀስ ዐይኔን ማመን ጀመርኩ።

ከተረጎምኳቸው አንዱ የአውቶክሌቭ መመሪያ ነበር። አውቶክሌቭ የቀዶ ሕክምናና የማዋለጃ መሣሪያዎችን በታመቀ እንፋሎት ከጀርም ነጻ የሚያደርግ ድስት ነው፤ ውሃ በተራ ድስት ሲፈላ ሊደርስበት ወደማይችለው ወደ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወጣል፣ ከዚያ ለተወሰነ ደቂቃ እዚያው ላይ ይቆያል። ደቂቃው መቆጠር የሚጀምረው ሙቀቱ 121 ከደረሰ በኋላ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው በሁለቱ ቁጥሮች ላይ ነው፤ በዲግሪውና በደቂቃው። በመጀመሪያ የተረጎምኩት እትም አንድ የደቂቃ ቁጥር ብቻ ነበረው፦ 20። ያንን ገጽ ለብቻው አባዝተን በፕላስቲክ ሸፍነን ማሽኑን ለገዙ ጤና ጣቢያዎች አደልን፤ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉት።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ከአምራቹ አዲስ እትም መጣ። አለቃዬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ብዙ የተለወጠ ነገር የለም፤ አይተሽ አስተካክይው» አለኝ። ከሽፋኑ ቀጥሎ አምራቹ ራሱ ያዘጋጀው የለውጥ ዝርዝር ነበር፤ አድራሻ ተቀይሯል፣ የበሩ ማሸጊያ ጎማ ሥዕል ታድሷል፣ የመለዋወጫ ቁጥሮች ተስተካክለዋል። ዝርዝሩን ይዤ ገጾቹን ከፈትኩ፤ የተባሉትን ቦታዎች አስተካከልኩ፤ ሌላውን በዐይኔ ገረፍ ገረፍ አድርጌ አለፍኩ። «አምስት ቦታ ታርሟል» ተብሎ የመጣ ገጽ አምስቱን ቦታ ብቻ አይቶ እንደማይፈረምበት ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተምሬ፣ ያንን ቀን ፈረምኩ።

ስልኩ የተደወለው ከወራት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ነበሩ።

«እህቴ፣ እናንተ የላካችኋት ወረቀት 20 ደቂቃ ትላለች። በጨርቅ ጠቅልዬ የማስገባውን ዕቃ እኔ 30 ነው የምሰጠው፤ እንደዚያ ነው የተማርነው። ማሽኑ ሌላ ነው ወይስ ወረቀቷ ናት?»

«ቆዩኝ ሲስተር፣ አይቼ ልደውልልዎት» አልኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ የእንግሊዝኛውን አዲስ እትም ገለጥኩ። አንዱ ሰንጠረዥ ውስጥ አንድ የነበረው ረድፍ ሁለት ሆኗል፦ ያልተጠቀለለ መሣሪያ 20፣ የተጠቀለለ 30። እንፋሎቱ ጨርቁን ዘልቆ እስኪገባ ጊዜ ያስፈልገዋል። በአምራቹ የለውጥ ዝርዝር ውስጥ ይህ አልተጠቀሰም። አልተጠቀሰም ማለት ግን እኔን አያድነኝም። ሰንጠረዡ ከፊቴ ነበር። ዐይኔ የሚያውቀውን 20 አየ፤ ከሥሩ ያለውን ረድፍ ዘለለ።

ሲስተርን ደውዬ «እርስዎ ትክክል ነዎት፤ ወረቀቷ ናት» አልኳቸው። በዚያው ሳምንት ወረቀቷን ለወሰደ ሁሉ ደወልን። ሌሊት ግን አልተኛሁም። የቸገረኝ ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ይህንን አንዱን ዘልያለሁ፣ ሌላ ምን ዘልያለሁ? ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት መመሪያ «አይተሽ አስተካክይው» ተብሎ በእጄ አለፈ?

በማግሥቱ ሁሉንም እንደ አዲስ ላመሳክር ተነሣሁ። መጀመሪያ የገጠመኝ ችግር አሳፋሪ ነበር፦ የትኛው የአማርኛ ቅጂ ከየትኛው የእንግሊዝኛ እትም እንደተመለሰ የትም አልጻፍኩም። ፋይሎቹ «መመሪያ»፣ «መመሪያ አዲስ»፣ «መመሪያ የመጨረሻ»፣ «መመሪያ የመጨረሻ የታረመ» ይባሉ ነበር። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ለማወቅ እንደ ጥንት ብራና ከውስጣቸው ምልክት መፈለግ ነበረብኝ፤ አድራሻው የተቀየረው ያኔ ነው፣ ይህ ሥዕል የገባው ከዚያ በኋላ ነው እያልኩ።

ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት ነበር። ስጨነቅ ሲያየኝ «እትዬ፣ ይህንን እኮ ማሽን ያወዳድርልሻል» አለኝ። ሁለት ፋይሎችን ጎን ለጎን ከፍቶ አንድ ቁልፍ ተጫነ። የተለወጠው በቀይ ይመጣል ብሎኝ ነበር። ሁሉም ቀይ ሆነ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንዲት ነጭ መስመር አልተረፈችም።

ምክንያቱን ለማወቅ ቀናት ፈጀብን፤ ያን ጊዜ የተማርኩትን እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። አንደኛው ፋይል የተጻፈው በድሮው የአማርኛ ፎንት ነበር። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በየቢሮው ደግሞ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በራሱ ቅደም ተከተል ይደረድራቸው ነበር። 33ቱ ሆሄያት በሰባቱ ድምፅ ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ ነጥቦቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ 256 ቦታ ብቻ ባለው ፎንት ውስጥ አይበቃቸውም፤ ስለዚህ አንዱ ጽሑፍ ሁለት ሦስት ፎንት ይከፋፈለዋል። ለእኔ ዐይን «ደቂቃ» የሚለው ቃል በሁለቱም ፋይል አንድ ነው። ለማሽኑ ግን አንደኛው አማርኛ፣ ሌላኛው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። ዐይኔ ካለው በላይ ይቸራል፤ ማሽኑ ደግሞ ምንም አይቸርም።

ወደ ዩኒኮድ ከቀየርነው በኋላም ቀዩ ብዙ አልቀነሰም። በአንዱ ፋይል አራት ነጥቡ አንድ ምልክት ነው፤ በሌላው እኔው ራሴ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ እየመታሁ የሠራሁት ነው። ወረቀት ላይ ማንም አይለያቸውም፤ ለማሽኑ ግን ይህ ብቻውን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር የተለወጠ ያደርገዋል። በአንዱ «ሥራ» በሌላው «ስራ»፤ በአንዱ «ዓይን» በሌላው «አይን»። በቃላት መካከል አንዴ አንድ ክፍት ቦታ፣ አንዴ ሁለት። ጋሼ በድምፅ ይጠሯቸው የነበሩት ልዩነቶች ሁሉ ተሰልፈው መጡ።

ከዋናው ፋይል ቅጂ አወጣንና በቅጂው ላይ ብቻ ሠራን። ሁለቱን ነጥቦች ወደ አራት ነጥብ፣ ድርብ ክፍት ቦታን ወደ ነጠላ ቀየርን። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ለማመሳከሪያ ብቻ ወደ አንድ ሰበሰብናቸው። ይህን ሳደርግ ጋሼ ትከሻዬ ላይ ቆመው የሚያዩኝ ያህል ተሰማኝ፤ ስለዚህ በሚታተመው ቅጂ ላይ ንጉሡ ሠ በቦታው እንዲቀር አጥብቄ ያዝኩ። ቁጥር ግን በየትኛውም ቅጂ አልነካንም። ከዚያ ወጣቱ አንቀጾቹን በሙሉ ሰብሮ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በራሱ መስመር ላይ አሳረፈው። አንቀጹ አንድ ረጅም መስመር ሆኖ ከተጻፈ አንዲት ፊደል ስትቀየር አንቀጹ በሙሉ ቀይ ይሆናል፤ ዐረፍተ ነገሩ ለብቻው ከቆመ ቀዩ እሱ ላይ ብቻ ይቀራል። ብራያን ከርኒጋን ለዩኒክስ ጀማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 በጻፈው ማስተማሪያ ይህንኑ መክሮ እንደነበር በኋላ አነበብኩ፤ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በአዲስ መስመር ጀምሩ ብሎ።

እንደገና ቁልፉ ተጫነ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ቀይ መስመሮች። ወንበሬ ላይ ወደ ኋላ ተደግፌ ዝም አልኩ። የመስኮቱ መስታወት ትዝ አለኝ።

ማሽኑ እንዴት እንደሚያውቅ ወጣቱን ጠየቅኩት። ዲፍ የሚባለውን ይህን ፕሮግራም በቤል ላብስ የጻፈው ዳግላስ ማክኢልሮይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ከወጣው አምስተኛው የዩኒክስ እትም ጋር ተሠራጨ፣ ስሌቱንም ከጄምስ ሃንት ጋር በ1976 አሳተሙት። ልቤን የያዘው ግን ስሌቱ ራሱ ነው። ማሽኑ የተለወጠውን አይፈልግም። በሁለቱም ፋይል ውስጥ ቅደም ተከተላቸውን ሳያፈርሱ የሚገኙትን መስመሮች፣ ከሁሉ ረጅም የሆነውን የጋራ ሰንሰለት ይፈልጋል። ያንን ካሰመረ በኋላ ከሰንሰለቱ ውጭ የቀረውን ለውጥ ብሎ ያሳያል። መጀመሪያ ያልተለወጠውን ፈልጊ! ጋሼ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሰው ነበሩ።

ከዚህ አሠራር አንድ ጉድለት ይመጣል፤ ቦታ የቀየረ አንቀጽ ከዚህ የጠፋ፣ ከዚያ ደግሞ አዲስ የተወለደ ይመስላል። ይህን የማያውቅ ሰው በመመሪያ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ተሰረዘ ብሎ ይደነግጣል፤ ወይም፣ የባሰው እሱ ነው፣ ተዛውሯል ብሎ ሳያነበው ያልፋል። ሲዛወር መሐሉ ላይ አንድ ቃል ተቀይሮበት ሊሆን ይችላል።

አማርኛውን ከአማርኛው ማወዳደርም ግማሽ መንገድ ብቻ ነበር። መጀመሪያ መወዳደር የነበረበት የቀድሞው እንግሊዝኛ ከአዲሱ እንግሊዝኛ ጋር ነው፤ እዚያ የተለወጠውን ብቻ ወስዶ ወደ አማርኛው መሻገር። አዲሱን እንግሊዝኛ ከድሮው አማርኛ ጋር እያየሁ ስሠራ የነበረው ስሕተት ነው፤ በቋንቋና በቋንቋ መካከል ያለው ተፈጥሯዊ ልዩነት የእትሙን ልዩነት ይሸፍነዋል። የእንግሊዝኛዎቹን ፒዲኤፍ ከአምራቹ ሲዲ አግኝተን ጽሑፉን አወጣን። አንቀጾቹ ደኅና መጡ። ሰንጠረዦቹ ግን ተበተኑ፤ ቁጥሮቹ ከረድፋቸው ወጥተው አንዱ ባንዱ ላይ ተከመሩ፣ 121 ከ30 ጋር ተጣብቆ፣ ደቂቃው ከዲግሪው ተለይቶ። ሰውን የሚጎዳው ነገር ሁሉ ያለው ሰንጠረዥ ውስጥ ነበር፤ ማሽኑ ማየት ያቃተውም እዚያው።

«በል ተቀመጥ» አልኩት ወጣቱን። «እኔ አነባለሁ፤ አንተ በጣትህ ትከተላለህ።»

«ቁጥሮቹን?»

«ቁጥሮቹን። አንድ በአንድ።»

ሦስት ሳምንት እንዲያ ሠራን፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ሻይ እያፈላን። ከአውቶክሌቩ ሌላ በሁለት መመሪያዎች ውስጥ ያለፉኝን ለውጦች አገኘን፤ አንዱ የባትሪ ዐይነት፣ አንዱ የጽዳት ፈሳሽ። አዲስ የታተመው ሁሉ ከግርጌው የእንግሊዝኛው እትም ቁጥር፣ አማርኛው የተመለሰበት ቀንና የሁለታችን ስም ተጻፈበት። ዛሬ የምሠራበት ቦታ ፋይሎቹ በጊት ይቀመጣሉ፤ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ይህ መዝገብ እያንዳንዱን ለውጥ ከነባለቤቱ፣ ከነቀኑና ከነምክንያቱ ይይዛል። ወጣት ባልደረቦቼ ምክንያቱን «ማስተካከያ» ብለው ሲያልፉት ያመኛል። ምን ተስተካከለ? ለምን? ከዐሥር ዓመት በኋላ ሁለቱን እትም ይዛ የምትቀመጠው ልጅ የምትፈልገው ያንን ነው።

አዲሱ ወረቀት ሲታተም ለሲስተር በፖስታ መላክ አልሆነልኝም። ራሴ ይዤው ሄድኩ። አውቶክሌቩ ከማዋለጃው ክፍል አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር፤ በላዩ የድሮዋ ወረቀቴ በፕላስተር ተለጥፋለች። 20 በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዟል፤ የተሰረዘው ግን አሁንም ይነበባል። ከላዩ 30 ተጽፏል፣ ከጎኑ «ሲጠቀለል»፣ ከሥሩ ቀንና ፊርማ።

«ከሥልጠና ያመጣሁት ወረቀት ነበረኝ፤ ከማሽኑ ጋር የመጣውም እንግሊዝኛ አለ» አሉኝ ሲስተር። «ከናንተዋ ጋር ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ነው ያየኋት። አንዷ ብቻ ስትለይብኝ ደወልኩ።»

ያቺን ወረቀት እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። አውርደው አቧራዋን በክንዳቸው ጠርገው ሰጡኝ። አዲሱን ከመለጠፋቸው በፊት የእንግሊዝኛውን ሰንጠረዥ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ ጠየቅኳቸው። በጣቴ ተከተልኩ። ዲግሪው ላይ ደረሱ፣ ያልተጠቀለለው ላይ ደረሱ፣ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ወረዱ።

«የተጠቀለለ፣ ሠላሳ ደቂቃ።»

«ይቅርታ ሲስተር፣ አንድ በአንድ ይበሉልኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ።

«ሦስት» አሉ። «ዜሮ።»